የማይነካው ተቀማጭ

ሳይረኑ በጮኸ ጊዜ ሺሊ ጸጉሯን ቀለም እየቀባች ነበር። በአራተኛው ፎቅ ካለው ቤቷ የወጣችው ግማሽ ራሷ በቀለም ተለውሶ፣ ፎጣ በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አጥልቆ ሌላው ባዶውን ሆኖ ነው። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። በግቢው ምድር ቤት ወዳለው መጠለያ፣ ሰዉ ሁሉ ሚክላት ወደሚለው፣ ለመድረስ ያለው ጊዜ ትንሽ መሆኑን በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

ከሦስተኛው ፎቅ በታች፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ፣ አንድ ጠና ያለ ሰውና ሚስቱ ተቀምጠዋል። ሰውየው ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም። በተቀመጠበት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ሚስቱ በብብቱ ይዛ ወደ ላይ ትጎትተዋለች፤ ተመልሶ ይንሸራተታል። ሺሊ አልፋቸው ሄደች። የታችኛው በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ ተመልሶ ተዘጋና ሺሊ እያለከለከች ወደ ላይ መጣች። ከሰውየው እግር በታች ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ጉልበቶቹ ላይ አስደግፋ፣ እግሮቿን ከፊት ለፊቷ ካለው ግድግዳ ጋር ወጥራ ያዘች። ሰውየው መንሸራተቱን ተወ።

ቀለሙ በአንገቷ እየወረደ ሸሚዟን ያበላሸዋል። «ሰዓቱ ካለፈ ጸጉሬ ብርቱካን ነው የሚሆነው፣» አለች በዕብራይስጥ፤ ለማንም ብላ አልነበረም የተናገረችው።

«ብርቱካን... ጥሩ ነው፣» አለ ሰውየው፣ አፉ ወደ አንድ ጎን እየተሳበ። «ከሩቅ ትታያለሽ።»

ሺሊ ሳቀች። ከወደ ሰማይ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ የቤቶቹ በሮች በየማጠፊያቸው ተንቀጠቀጡ። ሺሊ ከቦታዋ አልተነሣችም።

ይህን የሚጽፈው ሰው በዚያች ሰዓት በዚያ ደረጃ ላይ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በላይኛው ፎቅ ለሚኖር ወዳጁ የተዋሰውን መጽሐፍ ሊመልስ ሲወጣ ሳይረኑ ያዘውና ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። እግዚአብሔር ሰውን በምን እንደሚደግፈው አይታወቅም፤ በዚያ ቀን ጸጉሯን ባልጨረሰች ሴት ጀርባ ደገፈ። ጸሐፊው የሰውየውን ሚስት፣ ሸጋዬን፣ በምኩራብ ያውቃት ነበር፤ ግን ከሰላምታ አልፈው አያውቁም። ሺሊ ልትታጠብ ከሮጠች በኋላ ሸጋዬና ጸሐፊው ተጋግዘው ሰጠው የሚባለውን ባሏን ወደ ቤቱ መለሱት። ሸጋዬ በሩን ተደግፋ መናገር ጀመረች። ያን ቀን አልጨረሰችም፤ በሌላ ቀንም ቀጠለች። ከዚህ በታች ያለው እርሷ እንደነገረችው ነው።

ሸጋዬ ወደዚህ አገር የመጣችው በሱዳን በኩል ነው። ከወገራ ሲነሡ ገና ልጅ ነበረች። እናቷ አማረች በስደተኞቹ ሰፈር ታማ ሞተች። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅባቸው ሙሾ አልወረደላትም፤ ጸሎቱ በሹክሹክታ ተደርሶ አፈር ተመለሰባት። የሰባት ቀን ሐዘን አልተቀመጡላትም፤ ተዝካርም አልወጣላትም። ሸጋዬ መቃብሩ ላይ ምልክት እንዲሆን ድንጋይ አስቀመጠች። በማግስቱ ስትመለስ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ታያት።

ዓመታት አለፉ። ሰጠውን አግብታ፣ ልጇን ሜይታልን ወልዳ፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የማሸጊያ ክፍል ሥራ ይዛ ሳለ፣ አንድ ቀን በሰፈሯ ሰልፍ አለፈ። ሰፈር ቶራ፣ በእጅ የተጻፈ የኦሪት ጥቅል፣ ወደ አንድ ምኩራብ ሊገባ ነው። ጥላ ተይዞለት፣ ወንዶቹ ከፊት ከኋላው እየጨፈሩ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ይሄዳል። በጥቅሉ ልብስ ላይ በወርቅማ ክር የአንዲት ሴት ስም ተጠልፏል።

«ይቺ ማን ናት?» አለች ሸጋዬ አጠገቧ የቆመችውን።

«ያስጻፈው ሰው እናት ናት። ሞታለች።»

ሸጋዬ እዚያው መንገድ ዳር ቆማ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል፣ «አምላኬ ሆይ፣ የእናቴ የአማረች ስም እንደዚህ ተሸልሞ፣ እልል ተብሎለት ካልገባ፣ በዚህ አገር የበላሁት እንጀራ አይባረክልኝ» ብላ ተሳለች።

ስለት ለሸጋዬ የአፍ ወግ አይደለም። ባደገችበት መንደር ስለቱን ያስቀረ ሰው ከብቱ ሲሞትበት ወይም ልጁ ሲታመምበት ጎረቤቱ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደመወዝ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚነሣው የስለቱ ድርሻ ሆነ። ለኦሪት ጥቅሉ ማስጻፊያ ባንክ ቤት ለብቻው ሒሳብ ተከፈተለት፤ በቤታቸው ውስጥ «የእማማ» ይባላል። ከእርሱ በቀር ሌላ ተቀማጭ አልነበራቸውም። የመንጋጋ ጥርሷ ሲሰበር ሐኪሙ የነገራትን ዋጋ ሰምታ ወጣችና በሌላው ጎን ማኘክ ለመደች። የልብስ ማጠቢያው ሲቃጠል አንድ ክረምት ሙሉ በእጇ አጠበች። ሜይታልን ስትድር ከዘመድ ተበደረች፤ ተበድራም ለዓመታት ከፈለች። ገንዘብ እያላት እንደሌላት ሆና ኖረች፤ ግን እንዳላት አስባ አታውቅም። የእማማ የእማማ ነው።

ሰጠው በዚህ ነገር ይቀልድባት ነበር። እርሱ የመጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው። «አንቺ በእግርሽ ስለመጣሽ ሁሉ ነገር ይከብድሻል። እኔን ተመልከቺኝ፤ ሰማይ ላይ ተኝቼ ነው የመጣሁት፤ ይኸው ቀላል ነኝ» ይላታል።

«ቀላልስ ቀላል ነህ፤ ነፋስ ሲነሣ እንዳላጣህ እፈራለሁ» ትለዋለች።

ደግሞ ሰው ቸልተኛ ነበረች ብሎ እንዳይፈርድባት። ሳይረኑ በበዛበት ሰሞን በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደ ሸጋዬ የተሰናዳ ሰው አልነበረም። ውኃው በጀሪካን፣ ምስሩና ሩዙ በቆርቆሮ፣ ሻማው፣ በባትሪ የሚሠራው ራዲዮ፣ የሰጠው የደም ግፊት ኪኒን፣ ሁሉም ተለይቶ ተቀምጧል። በር አጠገብ የተንጠለጠለ ቦርሳ ነበራት፤ ጎረቤቶቿ ባትሪ ሲያልቅባቸው የሚያንኳኩት የእርሷን በር ነው። ሺሊ እንኳ «አንቺ ሱፐርማርኬት ነሽ» ትላት ነበር። ያልተዘጋጀችበት ነገር የባሏ ቀኝ እግር ብቻ ነው።

ሰጠው ማልገዛ የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት በዕረፍት ሰዓት የሻይ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከንፈሩ ወደ ጎን ሄደና የማይሰማ ነገር ተናገረ። ሁልጊዜ ስለሚቀልድ ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱማ ድምፁን አስመስሎ መለሰለት። ቀልድ እንዳልሆነ የገባቸው ከወንበሩ ሲወድቅ ነው። ሸጋዬ ይህን የነገሯትን ጓደኞቹን አልተቀየመችም። «እኔም ብሆን እስቅ ነበር» ትላለች።

ከሆስፒታል አልፎ ወራት በማገገሚያ ቆየና በወንበር ላይ እንዳለ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። ሕንፃው አሮጌ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከዚያ ወዲህ ለክሊኒክ ካልሆነ በቀር ከሕንፃው አልወረደም፤ ሳይረን ሲጮህ ሸጋዬ ጎትታ እስከ ደረጃው ማጠፊያ ብቻ ታደርሰዋለች። እርሱን የምታነሣና የምታስተኛ እርሷ ስለሆነች ሸጋዬ ሥራዋን ወደ ግማሽ ፈረቃ ቀነሰች። ለሕመሙ ከመንግሥት የሚከፈለው አበል የቤቱን ኪራይ ከከፈለ ለምግብ እምብዛም አይተርፍም።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «ለክፉ ቀን ያስቀመጥሁት የለኝም» ብሎ ያዝን ነበር። ሸጋዬ ግን ያዘነችው በሌላ ነው። ሰጠው ከመታመሙ በፊት በነበረው ወር ጣራ ላይ ያለው የውኃ ማሞቂያ ፈንድቶባቸው ነበር። ያን ጊዜ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእማማ ላይ ትንሽ ልታወጣ አሰበች። ባንክ ቤቱ በር ድረስ ሄዳ፣ ደንግጣ ተመለሰች። የሰጠው ብርጭቆ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በልቧ ተፈርዶ አልቋል። ለማንም ሳትነግር፣ ከግማሹ ደመወዟ ላይ ለስለቱ የምታስቀምጠውን አበዛችው። ቶሎ ከሞላ ሰጠው ይነሣል ብላ አመነች። እራት ጠዋት ከተረፈው ዳቦ ሆነ።

ሜይታል ይህን አታውቅም ነበር። ሜይታል ልጆቿን ይዛ በከተማው አዲስ ሰፈር በካርሜ ጋት ትኖራለች፤ ባሏ ለተጠባባቂ ጦር በተደጋጋሚ ይጠራል፤ የቤታቸው የባንክ ዕዳ ገና አልተነካም። አንድ እሑድ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባችና ስልኳን እናቷ ፊት ደቀነችው።

«ኢማ፣ ተመልከቺ። ምድር ቤት ነው። ከኛ ሰፈር። አንድ ደረጃ የለውም።»

«ያምራል።»

«ስለሚያምር አይደለም የማሳይሽ። ማማድ አለው፤ እዚሁ፣ ከመኝታ ቤቱ አጠገብ።» በሲሚንቶና በብረት የተጠናከረውን ክፍል በጣቷ አሰፋችው። «የአባን አልጋ እዚያው እናስገባዋለን፤ አንቺ ሥራ ላይ ብትሆኚም ሳይረን ሲጮህ እሱ መጠለያ ውስጥ ነው። አለቀ። ሊያት የምትባል አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት የምታከራየው። እስከሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ትጠብቀኛለች። ከዚያ ለሌላ ትሰጠዋለች፤ ሰው ተሰልፎባታል።»

ሸጋዬ አስቀድሞ የሚከፈለውን ጠየቀች። ሜይታል ነገረቻት። ሸጋዬ ከንፈሯን መጠጠች።

«ከየት አባቴ አመጣዋለሁ?»

«ከየት እንደምታመጪው ታውቂያለሽ።»

«እሱን አፍሽ አይጥራው።»

«ኢማ፣ ዳይ! ይበቃል! አያቴ ሞታለች። አባ ግን አልሞተም። እዚህ ላይ ተቀምጦ ሚሳኤል ይጠብቃል!»

ሸጋዬ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «አያትሽ ባትኖር አንቺ የት ነበርሽ? ማን ጎትቶ እዚህ ያደረሰኝ ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አልኩ...»

«እናንተ፣» አለ ሰጠው ከወዲያኛው ክፍል፣ ቃሉን እየጎተተ። «የምትጣሉበት ሰው... አልተኛም።»

ሜይታል ስትወጣ እናቷን ሳመቻት፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ቆማ ስታለቅስ ሸጋዬ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማቻት። አልከፈተችላትም።

ሰኞ አለፈ፤ ማክሰኞም አለፈ። ረቡዕ ከቀትር በፊት ሸጋዬ ማሸጊያው ላይ ቆማ ሳለች የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ መጠለያው ገባ። እርሷም ተገፍታ ገባች። ስልኳን አውጥታ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሣም። እንደገና ደወለች። አጠገቧ የነበረችው ሴት «እዚህ ውስጥ ኔትወርክ አይሠራም» አለቻት። ግን ይሠራ ነበር፤ ሲጠራ ይሰማታል። ሺሊ ጋ ደወለች፤ ሺሊ በዚያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች። ከባዱ ድምፅ ሲመጣ የመጠለያው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ሸጋዬ በዚያች ቅጽበት የጸለየችው አጭር ነበር፤ «ስልኩን አንሣው በለው» የምትል ብቻ።

ውጡ ሲባል ለአለቃዋ እንኳ ሳትናገር ወጣች። አውቶቡሱ ዘገየባት። ከአውቶቡሱ ወርዳ ሮጠች፤ ደረጃውንም በሩጫ ወጣች። ቁልፉን አስገብታ ስትገፋ በሩ እንቢ አለ። ትንሽ ተከፈተና አንድ ለስላሳ፣ ከባድ ነገር ላይ ተጋጭቶ ቆመ።

«ሰጠው?»

ጆሮዋን ወደ ክፍተቱ አስጠጋች።

«ሰጠው! አንተ ሰውዬ!»

በቀዳዳው እጇን ሰደደች። የሸሚዙ ጨርቅ ተሰማት፣ ከዚያ ትከሻው። ሞቃት ነው። ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። ወደ ደረጃው ሊሄድ ብሎ ከአልጋው ወርዶ፣ በደረቱ እየተሳበ እስከ በሩ ደርሶ፣ እዚያው ቀርቷል። በሩን ብትገፋው የምትገፋው እርሱን ነው። ባትገፋው መግባት አትችልም። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ በቀዳዳው በኩል ጣቶቹን ያዘች።

«በሩን...» አለ በመጨረሻ። «እንዳይገባ... ዘጋሁት።»

«ማን እንዳይገባ?»

«ሚሳኤሉ።»

ሸጋዬ ሳቀች። ሳቁ አልቆም አላትና ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እርሱ ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ እንደ ቀልድ ሳይሆን፣ በተጋቡበት ዘመን ሁሉ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «ሸጋዬ፣ ፈራሁ» አላት።

የታችኛው ፎቅ ሰዎች ጩኸቷን ሰምተው መጡ። አንዱ በትንሽ በትንሹ በሩን እየገፋ፣ ሌላው በቀዳዳው እጁን አስገብቶ ሰጠውን በቀበቶው እየሳበ አስገቧት። ልብሱ ረጥቦ ነበር። አጠበችው፣ አለበሰችው፣ ግንባሩ ላይ ያበጠውን በበረዶ ያዘችለት። ተርፏል፤ ለዚህ አመሰገነች፤ እስከ ዛሬም ስታወራው «ባሩክ ሃሼም» ሳትል አታልፈውም። ግን ያን ቀን ሲመሽ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በየትኛው ሳይረን እርሱን ትቼ ብቻዬን መጠለያ እገባ ይሆን የሚለው አሳብ አልለቃት አለ። ሥራ ካልሄደች የሚበላ የለም። ሥራ ከሄደች እርሱ በሩ ሥር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ቄስ ማዕረግ ሄደች። ቄስ ማዕረግ በከተማው ካሉት የቤተ እስራኤል አረጋውያን ካህናት አንዱ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ከቤታቸው ብዙ አይወጡም። እጃቸውን ሳመችና ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የውኃ ማሞቂያውን ሳታስቀር።

«በወገራ ብንሆን ‹ክፈዪ› ነበር የምልሽ፣» አሏት። «በኛ ዘንድ ስለት አይፈታም ነበር። እዚህ ያሉት ራቢዎች ግን መንገድ አላቸው። ሦስት ወንዶች እንደ ዳኛ ይቀመጣሉ፤ ስለት የተሳለው ሰው ፊታቸው ቆሞ ይናገራል፤ ይፈቱለታል።»

«ለእግዚአብሔር የተባለውን ሰው ይፈታዋል፣ አባቴ?»

«እኔም እንደዚሁ ነበር ያልኋቸው። ኋላ ከመጽሐፉ አነበቡልኝ።»

«ካነበቡልዎ በኋላስ?»

«ካነበቡልኝ በኋላም ነገሩን አልወደድሁትም፣» አሉ ቄሱ። «ግን አልዋሹም።»

ሸጋዬ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ቄሱ ስለቱን ትተው ስለ እናቷ ጠየቋት፤ ምን ዓይነት ሰው ነበረች አሉ። ሸጋዬ ሳታስበው ብዙ ተናገረች። እናቷ መቀነቷ ውስጥ ጠገራ ብር ቋጥራ ትይዝ ነበር፤ ለክፉ ቀን ብላ፤ አባቷ እንኳ አያውቅም። በረሃው ውስጥ ውኃ ሲያልቅ ከአንድ መንገደኛ በዚያ ብር ውኃ ገዛች፤ ለራሷ ልጅ ብቻ ሳይሆን አጠገቧ ለነበረው ሁሉ እየቀዳች ሰጠች። አንዲት አክስቷ «ደግሞ ለነገስ?» ብላ ተቆጥታት ነበር።

«ሲቀብሯት መቀነቷ አብሯት ነበር?» አሉ ቄሱ።

«አብሯት ነበር።»

«የቀረ ነገር ነበረበት?»

«ባዶ ነበር፣ አባቴ። በእጄ ነው የዳሰስሁት።»

ቄሱ ስለ ሥርዐቱ መናገር ጀመሩ። ስለቱ እንዲፈታ ተሳዩ መጸጸት አለበት አሏት።

«አልጸጸትም፣» አለች ሸጋዬ። «እናቴን ነው። እናቴን አክብሬ አልጸጸትም።»

«እናትሽን አይደለም። ይህን ብቻ መልሺልኝ፤ ያን ቀን መንገድ ዳር ቆመሽ ስትሳይ፣ ባልሽ በሩ ሥር የሚወድቅበት ቀን እንደሚመጣ ብታውቂ ኖሮ፣ ገንዘቡን በእንዲህ ያለ ቃል ታስሪው ነበር?»

በሸጋዬ ዐይን ላይ የዞረው ያ የበሩ ቀዳዳ ነው፤ የሸሚዙ ጨርቅ፤ «ፈራሁ» ያለው ድምፅ።

«አላስረውም ነበር፣» አለች።

«እንግዲያው ይኸን ትናገሪያለሽ። እኔ አንድ ሆኜ እቀመጥልሻለሁ። የሚያግዘኝ ሁለት ሰው ፈልጊ፤ ኦሪት የሚያነቡ ይሁኑ። ሰንበት ሳይገባ ይሁን። እሑድ ጠዋት ሴትየዋ መልስ ትፈልጋለች ብለሻል።»

የምኩራቡ አገልጋይ ሞርደካይ ወዲያው እሺ አላት። አባቱ ከየመን የመጣ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ «ለዚህ ነው እንዴ ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው? በአዲስ ዓመት ዋዜማ ስለት ማስፈታትን እኛ ሁላችን እናደርገው የለም ወይ?» አላት። ይህ ንግግሩ ያጽናናትን ያህል አስከፋት። ለእርሱ ቀላል ነው።

ሦስተኛው ሰው ጠፋ። አንዱ የሰጠው የሥራ ባልደረባ የነበረ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ሰማትና ራሱን ነቀነቀ። «ሸጋዬ፣ የኦሪትን ገንዘብ በአፌ አላስፈርስም። ነገ ልጄ ላይ አንድ ነገር ቢመጣ ምን እላለሁ?» አለ። አልተቆጣችውም፤ ቃሉ የራሷ ቃል ነው፤ ትናንት እርሷም እንደዚሁ ነበር የምትለው። ሌላው ከተጠባባቂ ጦር ገና አልተመለሰም። ሌላው ታምሟል፤ ሚስቱ ናት ይህን የተናገረችው፤ እርሱ ግን ከውስጥ ሲያስል ሳይሆን ቴሌቪዥን ሲያይ ይሰማ ነበር። ዓርብ ቀትር ሆነ። ሱቆቹ መዘጋጋት ጀመሩ፤ አውቶቡሶቹ ሊቆሙ ነው። ሜይታል ትደውላለች፤ ሸጋዬ አታነሣም። መንገድ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ ወዲያ የምታንኳኳው በር አልታይ አላት። ሰጠው ከጎረቤት ጋር ነው፤ ሺሊ ከሥራ ወጥታ አጠገቡ ተቀምጣለታለች፤ ግን እስከ መቼ? እሑድ ጠዋት ሌላ ሰው ቁልፉን ይቀበላል፤ እርሷም ሰኞ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ሳይረኑም ሲፈልግ ይጮሃል።

በዚያ አግዳሚ ላይ ሳለች ነው፣ መጽሐፍ ሊመልስ መጥቶ ደረጃው ላይ የተገናኛት ሰው ትዝ ያላት።

የጸሐፊውን በር ስታንኳኳ የሰንበቱ መብራት ገና አልበራም ነበር። ግቢ ቢሏት አልገባችም። ቁማ፣ አንድ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ፣ የረቡዕንና የሐሙስን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ከዚያ ዐይኗን ከመሬት ላይ አነሣች።

«ወንድም ዓለም፣ ሰው ሁሉ ፈርቶልኛል፤ አልፈርድባቸውም፤ እኔም ፈርቻለሁ። ቄስ ማዕረግ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል፤ ሞርደካይም እዚያ ነው። ሦስተኛ ሁነኝ። የማትችለውን አልጠይቅህም፤ ተቀምጠህ እኔ የምለውን ትሰማለህ፣ ከነርሱ ጋር ‹ተፈትቶልሻል› ትላለህ። እሱን በዕብራይስጥ ነው የሚሉት አሉኝ፤ ይበሉት፣ ደግ ነው። ግን አንተ ሁለቱንም ታነባለህ። እነርሱ ሲጨርሱ አንተ ያንኑ ቃል ጮክ ብለህ በአማርኛ በልልኝ። እናቴ መስማት አለባት፤ እናቴ ደግሞ ዕብራይስጥ ሳትደርስበት ነው የቀረችው።»